ግድግዳው ያሳብቃል

ገባኝ! ጓደኞቼ፣ እስቲ ሰብሰብ በሉልኝ። ሌሊት በሰው ግድግዳ፣ በቆርቆሮ አጥር ወይም በትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ተጽፎ የሚያድር ነገር አለ አይደል? ጠዋት ባለቤቱ ወጥቶ «ማን አባቱ ነው የጻፈው?» ብሎ ይራገማል፤ መልስ የለም። በሌላው ዓለም ግን ኮምፒውተር ያንን ጽሑፍ አይቶ «ይኼኛውንም ያኛውንም የጻፈው አንድ ሰው ነው» ይላል። ጠንቋይ ነው እንዴ? አይደለም! እንዴት እንደሚሠራ ስለገባኝ ለእናንተ ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝም። ከሒሳብ የሚያስፈልጋችሁ ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የራሳችንን ሰፈር ጎጃምን እንይ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ፍኖተ ሰላምን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል፤ ቡሬ ላይ ደግሞ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል። መንገደኛ በበዛበት ከተማ ብዙ ዓይን የሚያርፍበት ግድግዳ አይጠፋም። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው በሦስት ይከፈላል። አንዱ ማስታወቂያ ነው፦ «ዲሽ እንሠራለን»፣ «የሚሸጥ ቤት»። ሁለተኛው ስም ነው፦ የራስ ስም፣ የወደዷት ልጅ ስም፣ የእግር ኳስ ክለብ ስም። ሦስተኛው ስድብ ወይም መፈክር ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ያስቃል። ጸሐፊው ራሱን አጋልጦ ይሄዳል! «ዲሽ እንሠራለን» ይልና ከሥሩ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ስለሆነ የቁጥሩን ባለቤት ማግኘት አያስቸግርም። በቃ፣ ተያዘ! አትሉም? ቆይ፣ ቆይ። ተፎካካሪው እሱን ለማስቀጣት ሌሊት ቁጥሩን በየሰው አጥር ላይ ጽፎበት ቢሆንስ? ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማወቅና ማን እንደጻፈው ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ስልክ ቁጥር የለ፣ ምስክር የለ፣ ያየ የለ። አንድ ቃል ብቻ ግድግዳው ላይ አለ። ከዚህ ተነሥቶ ሰው ይገኛል?

በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቁሙ። ከሩቅ አንድ ሰው ይመጣል፤ ፊቱ ገና አይለይም። እናንተ ግን «ያ እኮ እገሌ ነው» ትላላችሁ። በምን አወቃችሁ? በአረማመዱ! አንድ ትከሻው ዘንበል ይላል፣ እርምጃው አጠር ይላል፣ ዱላውን አያያዙ የራሱ ነው። ልብሱን ቢቀይር እንኳ አረማመዱን አይቀይርም፤ እንደዚያ እንደሚራመድም አያውቀውም። የእጅ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ሰው የሚጽፈውን ቃል ይመርጣል፤ እጁ ቃሉን እንዴት እንደሚስለው ግን አይመርጥም። አመል ነው። «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» ይባል የለ?

ማሽኑ ይህንን የእጅ አመል እንዴት ያየዋል? ዓይን የለው፣ ሰው አያውቅ። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

መጀመሪያ ፎቶውን ያደኸየዋል። ቀለሙን ገፎ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ያስቀራል። ለምን? ዛሬ በቀይ ቀለም የጻፈ ሰው ነገ በከሰል ሊጽፍ ይችላል። ቀለም ልብስ ነው፤ ይቀየራል።

ቀጥሎ የሚታወሱ ቦታዎችን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው አፌን የያዝኩት! አንድ ወረቀት ወስዳችሁ መሐሉን በትንሹ ቅደዱና በቀዳዳው ግድግዳውን ተመልከቱ። ቀዳዳው ባዶ ልስን ላይ ሲያርፍ ወዲህም ወዲያም ብታንቀሳቅሱት የምታዩት ነገር አይለወጥም። ያ ቦታ አይጠቅምም። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስታደርጉት፣ በመስመሩ ርዝመት ብታንቀሳቅሱት አሁንም ለውጥ የለም፤ ወደ ጎን ካንቀሳቀሳችሁት ብቻ ይለወጣል። የፊደሉ ጫፍ ወይም መታጠፊያው ላይ ስታደርጉትስ? በየትኛውም አቅጣጫ ብትገፉት የምታዩት ነገር ይለወጣል! አያችሁ? ያ ነጥብ ከሌላ ነጥብ ጋር አይምታታም። ማሽኑ የሚይዘው እንዲህ ያሉትን ነጥቦች ነው። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ብርሃኑ ወዴት እንደሚጨልም፣ ጨለማው ወዴት እንደሚፈካ በቁጥር ይመዘግባል። ካናዳዊው ዴቪድ ሎው በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ታዋቂ ዘዴ በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ነጥብ 128 ቁጥሮችን ይጠቀማል። አቅጣጫውንም መጠኑንም የሚለካው ከራሱ ከነጥቡ ተነሥቶ ስለሆነ ስልካችሁን አጋድላችሁ ብታነሡም፣ ቀርባችሁ ወይም ርቃችሁ ብታነሡም ብዙ አይደናገርም። ወይ ግሩም!

በመጨረሻ ያወዳድራል። የዛሬው ፎቶ ነጥቦች ከአምናው ፎቶ ነጥቦች ጋር ስንቱ ይገጥማሉ? የገጠሙትስ አቀማመጣቸው አንድ ነው? አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አኒል ጄይን የተባሉት ምሁርና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የግድግዳ ጽሑፎችን እንዲህ የሚያመሳስል ሥርዓት አቅርበዋል። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከኢንዲያናፖሊስ ፖሊስ ጋር ሆኖ በስልክ የሚሠራ ሥርዓት ገንብቷል፤ ፖሊሱ ፎቶ ሲያነሣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው አብሮ ይመዘገባል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ እንዲህ ያለ ማሽን «ጥፋተኛው እገሌ ነው» አይልም። የሚመሳሰሉ ፎቶዎችን በቅደም ተከተል ይደረድርና «እነዚህን እዩልኝ» ይላል። የሚወስነው ሰው ነው።

«ይሄ ለፈረንጅ ፊደል ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ለእኛ እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል! «የሚሸጥ ቤት» የሚለውን ውሰዱና «ቤ»ን ብቻ ተመልከቱ። በቀኝ እግሯ ሥር ትንሽ ቀለበት አለች። አንዱ ጸሐፊ ቀለበቷን ድፍን አድርጎ ይዘጋታል። ሌላው ጫፏን ሳያገናኝ መንጠቆ አድርጎ ይተዋታል። ሦስተኛው ቀለበቷን ከእግሯ ያርቃታል። አራተኛው ተቻኩሎ ነጥብ ብቻ ያደርጋታል። አንዲት ፊደል፣ ያውም የፊደሏ እግር ብቻ! ፊደላችን እግር፣ ቅጥያና ቀለበት የሞላበት ስለሆነ እጅ የሚያሳብቅበት ቦታ ሞልቷል።

ገና አልጨረስኩም። «ጸሐይ» ብላችሁ ጻፉ። በ«ጸ» ነው በ«ፀ»? ሁለት ምርጫ። በ«ሐ» ነው፣ በ«ሀ» ነው፣ በ«ኀ»? ሦስት ምርጫ። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት! አንድ ቃል የሚጻፍባቸው ስድስት መንገዶች። «ሥራ» የሚል አለ፣ «ስራ» የሚል አለ። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርግ አለ፣ ክፍት ቦታ የሚተው አለ። ለምን እንደዚያ እንደሚጽፍ ብትጠይቁት «እንዲሁ ነው የለመድኩት» ይላችኋል። ይሄው ነው የምንፈልገው፤ ልማዱ!

አሁን ለሁለት ማካፈል መጣች። በከተማው ውስጥ ሊጽፉ የሚችሉ 1,000 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነሱ ግማሾቹ ቀለበቱን ይዘጋሉ፤ 500 ቀሩ። ከነዚያ ግማሾቹ «ፀ»ን ይመርጣሉ፤ 250። ግማሾቹ «ስራ» ብለው ይጽፋሉ፤ 125። ቀጥሉ፦ ወደ 62፣ ወደ 31፣ ወደ 16፣ ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2፣ ወደ 1። አሥር ጊዜ ብቻ! እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ከንቱ ነው፤ ግማሹ ከተማ ይጋራዋል። አሥሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ይህ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

እርግጥ እውነተኛው ዓለም እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ከአንድ መምህር የተማሩ ልጆች «ቤ»ን አንድ ዓይነት ሊጽፉ ይችላሉ። «ፀ»ን የሚመርጥ ሰው «ሀ»ንም የመምረጥ ዕድሉ ሊሰፋ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ምልክቶች እንደ ሁለት አይቆጠሩም፤ እየተከታተሉ ስለሚመጡ ከአንድ ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ አሥር የተባለው በተግባር ብዙ ይሆናል። መንገዱ ግን ያው ነው።

ጸሐፊው ብልጥ ሆኖ ካርቶን ላይ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን ቆርጦ በላዩ ቀለም ቢረጭስ? እጁ ጠፋ! እኔም እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን ካርቶኑ ራሱ አመል አለው። ሲቆረጥ ምላጩ ትንሽ ስቶ «7» ቁጥር ላይ ጭረት ትቶ ከሆነ፣ ያ ጭረት በየአጥሩ ላይ አብሮ ይታተማል። ጸሐፊውን ባናውቅ እንኳ አሥሩም አጥር ላይ ያረፈው አንድ ካርቶን መሆኑን እናውቃለን። ካርቶኑ ከአንድ ሰው ቤት የተገኘ ዕለት ደግሞ…

አሁን ከሁሉ በላይ የወደድኩትን ልንገራችሁ። አማርኛ የሚያነቡ ማሽኖች በአገራችን ሰዎች እየተሠሩ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ ኮምፒውተር የአማርኛ ኅትመት ማንበብን የሚማርበት 337,337 የጽሑፍ መስመር ምስል ያለው ስብስብ አዘጋጅተዋል። ለጥንታዊ የግዕዝ የእጅ ጽሑፎች ደግሞ ወደ 80,000 የሚጠጋ የመስመር ምስል የያዘ ሌላ ስብስብ አለ። እኔ የሚያነብ ማሽንና ጸሐፊን የሚለይ ማሽን አንድ ይመስሉኝ ነበር። ተቃራኒ ናቸው! የሚያነበው ማሽን የእኔንም «ቤ» የእናንተንም «ቤ» እኩል «ቤ» ማለት አለበት፤ የእጃችንን ልዩነት መርሳት ሥራው ነው። ጸሐፊ የሚለየው ደግሞ ቃሉ ምንም ቢል ግድ የለውም፤ የሚኖረው በልዩነቱ ላይ ነው። አንዱ የሚጥለውን ሌላው ያነሣል። ገባችሁ?

ጸሐፊን ከእጁ የመለየት ሥራ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ብራና ገልጦ አንዱ ጸሐፊ የት እንዳቆመና ሌላው ከየት እንደቀጠለ በፊደሉ አጣጣል ይለያል። ጀርመናዊው ዚግበርት ኡሊግ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትልቅ ጥናት የግዕዝ ጽሑፎችን ዘመን ከፊደላቸው ቅርጽ እንዴት መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ማሽኑ የሚሠራው የሊቃውንቱን ሥራ ነው፤ አይደክመውም፣ አይረሳም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከፊደል ሌላ ቦታም ያሳብቃል። ጽሑፎቹ የተገኙበትን ቦታ ሁሉ ካርታ ላይ ነጥብ ብታደርጉ ነጥቦቹ ተሰባስበው ታገኟቸዋላችሁ። ሰው የሚጽፈው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ። የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ማንነቱን በሚደብቀው የግድግዳ ሠዓሊ ባንክሲ 140 ሥራዎች ላይ ይህንን ሞክረዋል። በብሪስቶልና በለንደን የተገኙት ነጥቦች ወደ የት እንደሚያመለክቱ በስሌት አዩ። ድንቅ ነው፤ ያስፈራልም። ያ ስሌት የሚያመለክትበት ቤት ውስጥ ምንም የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል።

እጅ ከፍንጅ መያዝስ? የሲድኒ ባቡሮች በ2015 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት መሣሪያ የሚረጭ ቀለምና የማርከር ሽታ ሲሸተው ወዲያው መልእክት ይልካል፤ የባቡሩ ካሜራም ምስሉን ለጥበቃዎች ያሳያል። የሚያሸት ማሽን! የጀርመን ባቡር ድርጅት ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ሙቀት የሚያይ ካሜራ የያዙ ድሮኖችን ሊሞክር ተነሥቶ ነበር፤ ያኔ የግድግዳ ጽሑፍ በዓመት ወደ 7.6 ሚሊዮን ዩሮ ያሳጣው ነበር። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ግን ይህንን ማሽን አልመኝላቸውም። እኛ ጋ ብዙው የሚጻፈው በከሰል፣ በጠመኔ፣ በምስማር ነው። ከሰል ምን ይሸታል? ማሽኑ አፍንጫውን ነፍቶ ሲጠብቅ ልጁ ጽፎ ቤቱ ይገባል!

እሺ፣ ማወቁስ ታወቀ፤ እንዳይጽፉስ ምን ይደረግ? መልሱ ከኒው ዮርክ ይመጣል። እዚያ የምድር ውስጥ ባቡሮች ከውስጥም ከውጭም በስም ተሸፍነው ነበር። ጸሐፊው ስሙን አንድ ባቡር ላይ ከጻፈ ባቡሩ ከተማውን ሙሉ ያዞርለታል፤ ደስታው ይህ ነበር። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባቡሩ አስተዳደር አንድ ደንብ አወጣ፦ አንድ ጊዜ የጸዳ ፉርጎ ላይ ዳግመኛ ከተጻፈ ሳይጸዳ ሥራ አይወጣም። ግንቦት 12 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ባቡሮቹ ሁሉ ንጹሕ መሆናቸው ታወጀ። ምሥጢሩ ገባችሁ? ጸሐፊው የሚፈልገው መታየት ነው። ሌሊት ለፍቶ ጠዋት ማንም ሳያየው ከጠፋበት ለምን ይደክማል? ቅጣት አንድ ቀን ይመጣል ወይ አይመጣም፤ ብሩሽ ግን ነገ ጠዋት ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ብሩሽ። ሳያነሡ መቀባት ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። አነሥቶ አለመቀባት ደግሞ ለጸሐፊው ነፃ ማስታወቂያ ነው። የቆየ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ቅርስ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ፎቶ ብቻ አንሡ፤ በቤንዚንም በኖራም አትንኩት፤ ባለሙያ ይጠራ። ለማጥፋት የተደረገው ከጽሑፉ የባሰ ሊጎዳው ይችላል።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ልዩነት አምጡ። ተመሳሰለ ማለት እሱ ነው ማለት አይደለም። እሱ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ዕድሜው ይታያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በሰው ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ ከአዋቂ የተለየ እርምጃ ተቀምጦለታል። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ብሩሽ ተሰጥቶት የጻፈውን ራሱ ቢቀባ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ እንዳሻን እየሰበሰብን እንዳንበትን ያስጠነቅቀናል። ፎቶው ላይ የግድግዳው ጽሑፍ እንጂ የአላፊ አግዳሚው ፊት ምን ያደርጋል?

ሌላም አለ። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. በከተሞቻችን ወጣቶች ሌሊት ኢሕአፓ የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መፈክር በግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ያኔ ሲጽፍ የተያዘ ልጅ የሚጠብቀው የቀለም ዋጋ መክፈል አልነበረም፤ ሞትም ነበር። የእጅ ጽሑፍን የሚለይ ማሽን አጥር ያበላሸውንና ሐሳቡን የጻፈውን አይለይም። ያንን የሚለየው ማሽኑን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ የፎቶ መዝገብ የሚያስፈልገው ለተበላሸ ንብረት ብቻ ነው፤ መፈክር ሲመጣ መዝገቡ ይዘጋ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው።

እንግዲህ እናንተ የሰፈሬ ልጆች፣ ኮምፒውተሩ እስኪመጣ አንጠብቅ። ግድግዳችሁ ላይ ሲጻፍ በስልካችሁ ፊት ለፊት ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጉ፤ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። ወር ሲሞላ ፎቶዎቹን ደርድራችሁ «ቤ»ዎቹን እግር ለእግር አስተያዩ፤ ዓይናችሁ ከማሽኑ እንደማያንስ ታያላችሁ። ያገኛችሁትን ስም ግን በየሻይ ቤቱ አታውሩት፤ ለሚመለከተው ስጡ። እናም በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ግድግዳውን ቀቡት።